ኮፒ ሊያነሡ የሚመጡ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ቤት አለችኝ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከየኮሌጁ አዲስ ተማሪዎች ቅጽ ሊያባዙ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ሒሳብ ከፍለውም አይወጡም፤ ሌላው ደንበኛ እስኪሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ይቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ክሬዲት ምን ማለት ነው?» ይሉኛል። የባንክ ብድር መስሎት ሊፈርም የፈራም ገጥሞኛል። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ክሬዲት የአንድ ትምህርት ክብደት መለኪያ መሆኑን የተማርኩት ከነባር ተማሪዎች ነው።

ከወላይታ የመጣ አንድ ልጅ ለምን ቢሮ ገብቶ እንደማይጠይቅ ብጠይቀው፣ «ገብቼ ነበር» አለኝ። ሠራተኛዋን «አንተ ንገረኝ» ብሏት ኖሮ ቢሮው ሙሉ አውካካበት። በወላይትኛ «ኔኒ» ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ ልጁ ምን አጠፋ? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የቢሮው ወሬ በአማርኛ፤ ሁለቱንም ከእናቱ ጓዳ ይዞ አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣል።

የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች አማካሪ ናት። አብዛኞቹ ተማሪዎቿ ወላጆቻቸው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሄዱ ናቸው። በዚያ አገር ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ቢያንስ 25 በመቶው ሂስፓኒክ፣ ማለትም ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ፣ የሆኑበት ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የራሱ ስያሜ አለው። እሷ ግን በስልክ የምታወራልኝ ስለ ስም ነው። ልጆቹ የአባትንም የእናትንም የቤተሰብ ስም ይዘው ይመጣሉ፤ መዝገቡ አንዱን ይቆርጠዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የእናት ነው። «አክስቴ፣ እኔንስ በአባቴ ስም ሲጠሩኝ አልነበር የከረሙት?» ትለኛለች። ስለዚህ አዲስ ተማሪ ፊቷ ሲቀመጥ ከፋይሉ በፊት የምትጠይቀው፣ ቤት ውስጥ ማን ብለው እንደሚጠሩት ነው።

እኛም ዘንድ አዲስ ተማሪን እንዲህ አክብሮ መቀበል ብዙ በጀት አይፈልግም። በምዝገባው ሳምንት ከየአካባቢው የመጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በር ላይ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጡ፤ «እኔም አምና እንዳንተ ነበርኩ» የሚል ሰው ከማንኛውም ባነር ይሻላል። (ባነር ሠርቼ ስለማውቅ ዋጋውን አልናገርም።) ክሬዲት፣ ኮርስ መጨመርና መጣል፣ አማካሪ ማለት ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ ይጻፍ። የቢሮ ሠራተኞችም ቢያንስ ልጁ እስኪወጣ ሳቃቸውን ይያዙ።

ገጹን ያዘጋጀ ኮሌጅ ካለ የመጀመሪያዎቹን 500 ቅጂዎች በነፃ አባዛለሁ። ቀለም ስንት እንደገባ እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ