ሽቅቡን በባጃጅ፣ ቁልቁሉን በእግር

አካሌ አልማዝ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ዝምታውን አሁን አንቁጠረው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝና እንለፈው። ለጥምቀት ከነልጆችሽ ጎንደር ልትመጪ መሆኑን ከወንድምሽ ሰማሁ። ደስታዬ ቀኑን እስካይ ድረስ ነበር። ያን ሳምንት ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነኝ፤ ለምኜም አልሆነልኝ። እንግዲህ ከተማውን በወረቀት ላስረክብሽ። የሎሚውን ነገር አላነሣም፤ ልጆችሽ ያነቡት ይሆናል።

መጀመሪያ አቀማመጡን ያዢ። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ፤ ከተማው በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለ ጀርባ ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ፣ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሽቅቡን በባጃጅ ይወጣል፣ ቁልቁሉን በእግሩ ይወርዳል። እንግዳ ግን ጠዋት ፋሲል ግቢ ውስጥ ሲዞር ጉልበቱን ይጨርስና በቀትር ፀሐይ ቁስቋም ዳገት ላይ ያለከልካል። አንቺ አዲስ አበባ ስለኖርሽ ከፍታው አይከብድሽም። የሚጎዳሽ ኮብልስቶኑ ነው፤ ያቺን ባለ ተረከዝ ጫማሽን እዚያው ተያት።

በማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውጪ። ቅዳሴ ካለ ውስጡን ለማየት እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ልጆቹ የቅጥሩን ግንቦች ይቁጠሩ፣ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በሐዋርያት ቁጥር። ስትገቡ ጫማ ማውለቅ አለ፤ የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ፣ ሥዕሉን ይጎዳል። ከዚያ በእግር ወደ ፒያሳ ውረዱና ቁርስ ብሉ፤ ከቁርስ በኋላ ፋሲል ግቢ። ለምሳ ስለሚዘጋ አርፍዳችሁ አትግቡ። አስጎብኚ ከያዝሽ ዋጋውን በሩ ላይ ጨርሺ። ልጆቹ ዓመተ ምሕረት ከጠየቁ ፋሲል ከተማውን የቆረቆረው በ1628 ነው፤ የኢያሱ ግንብ ጣሪያው ለምን የለም ካሉ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፣ በጣሊያን ጊዜ የእንግሊዝ ቦምብ ጨመረበት። ትኬቱን እንዳትጥይው፣ ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል። ቁስቋምን ለሌላ ቀን ማለዳ አቆዪው።

ባጃጅ ላይ ሻንጣ ካዩብሽ «ኮንትራት ነሽ?» ይሉሻል። «በመስመር» በያቸው። ዋጋውን ከሹፌሩ ሳይሆን አጠገብሽ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ጠይቂ፣ ዝርዝርም ያዢ፤ ድፍን ብር ስትሰጪ መልሱ ይጠፋል። የሰዓት ገደብ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ማታ ባጃጅ እስከ ስንት እንደሚሠራ ጠዋት ቁርስ ቤት አጣሪ። ቅዳሜ ገበያን በስሙ ቀን ሂጂበት። በርበሬ የምትገዢ ከሆነ ዛላውን እንጂ የተፈጨውን አትንኪ፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ምን እንደገባበት ማን ያውቃል።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ… ቆይ፣ ከተራን ልጨርስ።

ጥር 10 ታቦታቱ ከቀትር በኋላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ከልጆች ጋር ሆነሽ መዋኛው አጠገብ ቦታ አትፈልጊ፤ መንገድ ዳር ሆነሽ ሲያልፉ ማየት ይሻልሻል። ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ላይ ደግሞ በምንም አትውጪ፤ በ2012 ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ሁሉ ዘሎ ይገባል፣ ግፊያው ያኔ ነው። ልጆቹ ጭፈራ እንዲያዩ ከፈለግሽ ጥር 12ን ጠብቂ፤ የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ዘፈኑም አለ፣ መተንፈሻም አለ።

አሁን ልመናው። ሆቴል አትያዢ፣ እማዬ ጋ እረፊ። ለበዓል የአልጋ ዋጋ ስለሚንር ብዬ ላሳምንሽ ነበር፣ ግን አንቺ አትሸወጅም። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ከቤት አትወጣም። ለከተራ መውረድ ግን ትፈልጋለች፤ የጎረቤት ልጆች እንውሰድሽ ሲሏት «ሸክም አልሆንም» ትላለች። አንቺን እምቢ አትልም፤ ማንን እንደምትወድ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ተቀይሜ ጨርሻለሁ። በዚያ ቀን መንገዱ ለመኪናም ለባጃጅም ስለሚዘጋ ከስድስት ሰዓት በፊት አውርጃት፣ ለዚህስ ኮንትራት ያዢ። በርጩማ፣ ጥላና ነጠላዋን አትርሺ። በረንዳ ያለው ሱቅ ፈልገሽ ባለቤቱን አስፈቅጂና እዚያ አስቀምጫት። ታቦቱ ሲደርስ ካልቆምኩ ትላለች፤ በብብቷ ሳይሆን በክንዷ ደግፊያት፣ ትከሻዋን ያማታል። ስትመለሱ አትቸኩሉ፣ ሰው እስኪቀል እዚያው ቆዩ።

ቤቱን ታውቂዋለሽ። ሮቶ የለውም፤ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣ በሌሊትም ቢሆን ተነሥተሽ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሙዪ። እሷ ልትነሣ ትሞክራለች፣ ቅደሚያት።

ለእማዬ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም፤ ካልተመቸሽ እንዳታዝን ብዬ። እሺ ካልሽ ራስሽ ደውይላት፤ ከኔ ከሰማች አዝዤሽ ይመስላታል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የምትደርሱበትን ቀንና ሰዓት ብቻ ላኪልኝ።

የአንቺው
ሰናይት