የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ጅማ ቁጭ ብለን የባህር ንፋስ ስንለካ

ክበባችን ሌላ ጊዜ ለወላጆች ቀን የሚታይ ነገር ይሠራል፤ ይጨበጨብለታል፤ ካቢኔት ውስጥ ይቆለፋል። እኔ በዚህ ዓይነት ሥራ ብዙም ደስ አይለኝም። ዘንድሮ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ዓመቱን ዘለቅን።

ጥያቄው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የአዳማን የንፋስ ተርባይኖች መንገድ ላይ አይታለች። “ይሄ ሁሉ ደረቅ መሬት እያለ፣ ሰው ምን ቢቸግረው ነው ባህር ውስጥ የሚተክለው?” አለች። ከኋላ አንዱ “እኛ እንኳን ባህር፣ ንፋስም የለን” ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። አልተሳሳተም። ጅማ በዝናብ እንጂ በንፋስ አትታማም።

ከዴንማርክ ጀመርን። የመጀመሪያው የባህር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ቪንደቢ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1991 ተተከለ። 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ አንድ ላይ 5 ሜጋ ዋት ገደማ። ዛሬ እንግሊዝ ያለው ሆርንሲ 2 ብቻውን ከ1,300 ሜጋ ዋት በላይ አቅም አለው። የጎረቤታችን የጊልገል ጊቤ አንድ አቅም 184 ነው። “አካፍሉ” አልኳቸው። ሰባት እጥፍ ሲመጣ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ግን “አቅም ነው እንጂ፣ ንፋሱ ሲተኛስ?” ብሎ ጠየቀ። ደህና አድርጎ ጠየቀ።

ከዚያ ወደ እጅ ሥራ ገባን። ክንፉን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቆረጡ፤ ሞተሩን ከተበላሸ ፕሪንተር አወጡ። ቬንቲሌተሩ 1 ቁጥር ላይ ሲሆን ክንፉ ይዞራል፣ አምፖሏ ግን ወይ ፍንክች። 3 ላይ ሲያደርጉት ቦግ አለች። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ቀመር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ማንም ቁብ አልሰጠውም ነበር። ባህር ላይ ደግሞ ንፋሱን የሚያደክም ተራራም፣ ዛፍም፣ ፎቅም የለም። የልጅቷ ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘ።

ግማሹ ባልዲ ውስጥ ነበር። ጥልቀት በሌለው ባህር ወፍራም የብረት ቱቦ ወለሉ ላይ ይቸነከርና ተርባይኑ እሱ ላይ ይቆማል። እኛም አሸዋ ውስጥ ተከልን፤ ቆመ። ውሃው ሲጠልቅ ግን ተንሳፋፊ መሆን አለበት። ትንሽ ጀሪካን ላይ ሲያስሩት በአንድ ገመድ ዞሮ ጀርባውን ለቬንቲሌተሩ ሰጠ። በሁለት ገመድ ተንገዳገደ። በሦስት ገመድና ከታች በተንጠለጠለ ድንጋይ ቀጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የስኮትላንዱ ሃይዊንድ፣ የዓለም የመጀመሪያው ተንሳፋፊ የንፋስ ማመንጫ፣ እያንዳንዱ ተርባይኑ በሦስት መልህቅ ነው የታሰረው። ይህን የነገርኳቸው ራሳቸው ከደረሱበት በኋላ ነው፤ ሆን ብዬ።

የጨው ነገርም አለ። ምስማር በጨው ውሃና በተራ ውሃ አስቀምጠን አነጻጸርን። የትኛው ቶሎ እንደዛገ መናገር አያስፈልግም።

ኤሌክትሪኩ እንዴት ወደ የብስ ይመጣል? በባህር ወለል በሚቀበር ኬብል። ርቀቱ ሲበዛ ተለዋዋጭ ከረንት ኬብሉን ራሱን በመሙላትና በማራገፍ ይባክናል። ስለዚህ ወደ ቀጥተኛ ከረንት ይለወጣል። በረጅም ርቀት ቀጥተኛ ከረንት የሚያሻግር መስመር እኛም አለን፤ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ይደርሳል።

ጊቤን የመጎብኘት ዕቅዳችን በመኪና እጦት ቀረ። በምትኩ “ውሃ ወይስ ንፋስ?” የሚል ክርክር በሚኒ ሚዲያ አካሄድን። የውሃ ቡድን በጭብጨባ እየመራ ነበር። መጨረሻ ላይ የንፋስ ቡድን ተነስቶ፣ በአገራችን ንፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት መሆኑን አነሳ። ክረምት ውሃው ይሠራል፣ በጋ ንፋሱ ያግዘዋል። ዳኞቹ አቻ አወጧቸው። እኔ ብሆን ለንፋስ እሰጥ ነበር።

ለመስከረም የንፋስ መለኪያ ጀምረናል፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወስደን ከከተማው ጋር ልናነጻጽር። ኩባያዎቹ ተቆርጠዋል፣ ዘንጉ አለ። የጎደለው ኩሽኔታ ነው። ቤታችሁ የተጣለ የባጃጅ ኩሽኔታ ካለ፣ የሚዞር እስከሆነ ድረስ፣ ላብራቶሪ አምጡልን።