የኦንላይን የሒሳብ የቤት ሥራ ማርክ ላይ አይደመር፦ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ አላሙራ አካባቢ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ፣ የሒሳብ የቤት ሥራን ወደ ስልክና ኮምፒውተር የሚያዞሩ ትምህርት ቤቶች እያየሁ ነው። ልጆቹ ከአሁኑ መልመዳቸውን እደግፋለሁ። ያሳሰበኝ ውጤቱ ተከታታይ ምዘና ውስጥ መግባቱ ነው።

ጥቅሙ አይካድም። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ብዙው ደብተር «ታይቷል» ተብሎ ይፈረምበታል እንጂ አይታረምም። እንደ ካን አካዳሚ ባሉት የኦንላይን መማሪያ ድረ ገጾች ላይ ግን ልጁ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ካልገባው ቪዲዮውን ደጋግሞ ያያል፤ ክፍያም የለውም። ለየተማሪው የጥያቄውን ቁጥሮች የሚቀያይሩም ስላሉ ጠዋት በር ላይ መገልበጥ ይቀንሳል።

ነገር ግን አብዛኞቹ የሚያርሙት የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። በቅርቡ ሁለት ልጆች 5 − 2(3 − 7) ስንት ነው ተብለው አንዱ −12፣ ሌላዋ −3 ብለው መለሱ። ስክሪኑ ለሁለቱም «ስህተት» አለ። ደብተር ላይ ሳሠራቸው ልጁ መጀመሪያ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ፣ 3ን በ−4 አባዛ፤ የስሌት ቅደም ተከተል አልገባውም ማለት ነው። ልጅቷ ቅደም ተከተሉን አሳምራ ታውቃለች፤ −8ን ስትቀንስ ግን ሁለቱ ኔጌቲቮች ፖዘቲቭ እንደሚሆኑ ረስታ 5 − 8 አለች። መልሱ 13 ነው። ለሁለቱ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ጨርሶ አይገናኝም፤ ይህንን የሚለየው አሠራራቸውን ያየ መምህር ነው። በስልክ የሚሠሩት ደግሞ አሠራር መጻፍ እየተዉ ነው፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሞክረው ይጥሉታል። እንደ ፎቶማዝ ያለው መተግበሪያ ጥያቄውን በካሜራ ሲያነሡት መልሱን ከነአሠራሩ ስለሚሰጥ፣ ከቤት የመጣ ሙሉ ነጥብ የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅም አይቻልም።

ከማስጠናቸው ያንዷ አባት ባጃጅ ይነዳሉ፤ የቤቱ ስማርት ስልክ የሚገባው ከሳቸው ጋር ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ፓኬጁ አልቋል፤ አንዳንድ ቀን ባትሪው ሞቶ መብራት የለም። ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ማስረከቢያው ይዘጋና ዜሮ ይመዘገብባታል። ጥያቄዎቹን ቀን ከጓደኛዋ ቀድታ ደብተሯ ላይ በሙሉ ሠርታቸዋለች። ያ ዜሮ ሮስተር ላይ «ሒሳብ» በሚለው ሥር መስፈሩ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ መምሪያው ለሁሉም ትምህርት ቤቶች፣ ለግሎቹም ጭምር፣ አንድ መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። የኦንላይኑ የቤት ሥራ መለማመጃ ይሁን፤ ማርክ የሚያዝበት ክፍል ውስጥ የተሠራና አሠራሩ የታየ ይሁን። ስልክ ለሌላቸው የአይሲቲ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይከፈት። የኢንተርኔቱ ነገርም መላ አለው፦ ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ፣ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና መልመጃዎች ያለ ኢንተርኔት በውስጥ ኔትወርክ ለክፍሉ ኮምፒውተሮች ያደርሳል። በአንድ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሞከር። ከተፈቀደ ከሥራ ሰዓት ውጪ መጥቼ ለመጫንም ሆነ መምህራኑን ለማለማመድ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህር፣ ሐዋሳ