ጠመንጃውን ሰቅሎ የወጣን ሰው ባንዳ አትበሉት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ባወጣችሁት አስተያየት ላይ ጸሐፊው «አገሩን የሚወድ ሰው አደባባይ ወጥቶ ገመናዋን ለጠላት አያሳይም» ብለዋል። ይህን አባባል በስብሰባም፣ በሬዲዮም፣ በጠላ ቤትም ስሰማው ኖሬያለሁ። ጎጃም ተቀምጦ ግን እንዲህ ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ለምን በሉኝ። በ1960 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው» ብሎ ደነገጠ። መጀመሪያ ጠመንጃ አላነሳም። ሰው መርጦ አዲስ አበባ ልኮ አቤት አለ። ሰሚ አጣ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ላይ ነገሩ ወደ ጥይት የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥትም በአውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ከአመፁ መሪዎች መካከል በአምስቱ ዓመት ጣሊያንን የተዋጉ ነበሩበት። በ1933 አርበኛ የተባለ ሰው በ1960 ሽፍታ ተባለ። ሰውየው ያው፣ መሬቱም ያው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፣ የዓመታት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሰው ሳያልቅ መልእክተኞቹን ቁጭ አድርጎ መስማት ያን ያህል ይከብድ ነበር? (የበላይ ዘለቀን ነገር አላነሳም። ጣሊያን ያልያዘውን ሰው በ1937 ማን እንደሰቀለው አንባቢ ያውቃል።)

ዛሬ ክልላችን ተኩስ ውስጥ ሆኖ ስለ ሰልፍ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ተገላቢጦሹ ነው የሚታየኝ። ጎጃሜ ከመሣሪያ ጋር ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። በሬውን ሸጦ የሚገዛው ነው። ያንን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀት ጽፎ፣ ባዶ እጁን አደባባይ የወጣ ሰው «መንግሥት አለ፣ ይሰማኛል» ብሎ አምኖ ነው የወጣው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አገር ወዳድነት ይፈለጋል? እንዲህ ያለውን ሰው «ባንዳ» ብሎ መመለስ ወደ ጠመንጃው መልሶ መላክ ነው።

በ2015 ማዳበሪያ የጠፋ ጊዜ ገበሬዎች ባህር ዳር ድረስ ሄደው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የማውቀው ገበሬ የከፈለበትን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ሲዞር አይቼዋለሁ። እያወጣ ያሳያል፣ መልሶ ይጠቀልላል። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ታርሷል፣ በቆሎ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ይህ ሰው ጮኸ ተብሎ የአገር ገመና ወጣ ይባላል? ገመናውስ የባዶው መጋዘን ነው ወይስ የእሱ ጩኸት?

የሕንድ ገበሬዎችም ሦስት የእርሻ ሕጎችን ተቃውመው ዴሊ መግቢያ ላይ አንድ ዓመት ያህል ከርመዋል። ከሃዲ ያላቸው ሞልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሕጎቹ እንደሚሻሩ ተናገሩ። ሕንድም አልፈረሰችም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1965 አሜሪካ ውስጥ ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተጓዙት ጥቁሮችም በእጃቸው የያዙት የዚያችኑ የአሜሪካን ባንዲራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ድልድዩ ላይ በፖሊስ ዱላ የተቀጠቀጡት እነሱው ናቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የመምረጥ መብታቸውን የሚያስከብረው ሕግ ተፈረመ።

እኛ ዘንድ ሰልፍ ራሱ ነውር ሆኖ አያውቅም፣ እውነቱን እንነጋገር። ለድጋፍ ሰልፍ አውቶቡስ ይቀርባል፣ ለተቃውሞ ደግሞ ቆመጥ።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰለፍ መብት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ባለሥልጣኑ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጭራሽ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። እንግዲህ «የጸጥታ ኃይል እጥረት አለብን፣ ሌላ ጊዜ» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ድንጋይ የሚወረውር፣ ሱቅ የሚሰብር፣ የአምቡላንስ መንገድ የሚዘጋ ሰው ይጠየቅ። በእሱ አልከራከርም። ግን አንድ ጎረምሳ ጠጠር ወረወረ ተብሎ አሥር ሺህ ሰው ከሃዲ አይባልም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዋጁ አጭር ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ብታትሙልን ጥሩ ነበር። ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቅጂውን ራሴ አደርስላቸዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ማርቆስ