ቅቤውን ተዉላት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው የምንኖረው። 3 ኪሎ የተወለደችው ልጃችን በሦስተኛው ቀን 2.8 ብትመዝን ጎረቤት ሁሉ «ቅቤ አልሷት» አለን። ለካ ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ 7 በመቶ ያህል ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ በብዛት የሚወጣው ውኃ ነው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመለሳል። 10 በመቶ ከደረሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ሽንቱ ካነሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።

እኔም ሸሚዜን አውልቄ ደረቴ ላይ አስተኛኋት። (አማቴ «ወንድ አራስ!» ብለው ስቀውብኛል።) ገላ ለገላ ሲሆን ሙቀቷ ይጠበቃል፣ ለቅሶዋም ይቀንሳል፤ እናቷ ስታቅፋት ደግሞ ጡቱን ራሷ ትፈልጋለች።

ከወሊድ ስንወጣ ይህን የነገረን አልነበረም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ምን ነበረበት?

አንድ አባት፣ ከባሕር ዳር