ከገና ፊልሞቹ ከተማ ፋብሪካው የት ሄደ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለሚታዩት የገና የፍቅር ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እነዚህ ፊልሞች አንድ ታሪክ የሚደጋግሙ፣ መጨረሻቸው ከመጀመሪያው የሚታወቅ፣ ጊዜ ከማባከን በቀር ፋይዳ የሌላቸው መሆናቸውን ገልጸው ደምድመዋል። ጉድለት እንዳለባቸው እኔም እስማማለሁ። ይሁንና ጉድለቱ እሳቸው በጠቆሙበት ቦታ ያለ ስለማይመስለኝ፣ ነገሩም ከዕለት ሥራዬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የምኖረው በኦሃዮ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ወንዙን ተከትለው ከተቆረቆሩት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ሲሆን፣ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተገኘሁ መንከባከብ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት አብሬያቸው የምውለው የሰማንያ ስድስት ዓመት እናት አሉ። በአገሩ ልማድ በስማቸው ብጠራቸውም በልቤ እማማ ስለምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል የገና ፊልሞቹ ወቅት ይጀምራል፤ ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ድረስ በእማማ ሳሎን ሌላ ነገር አይታይም። በዚህ ምክንያት ሳልፈልገው የዘርፉ ተመልካች ሆኛለሁ፤ ዛሬ ግን ፈልጌው ነው የማየው።

ታሪኩን ያላየ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ ይህን ይመስላል። በትልቅ ከተማ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኒው ዮርክ፣ በሥራዋ የተዋጣላት ሴት በሆነ ምክንያት ለገና ሰሞን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም ትታት ወደ ሄደችው የትውልድ ከተማዋ፣ ትሄዳለች። በዚያም የገና ዛፍ የሚያለማ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድር፣ ምናልባትም ሚስቱ ሞታበት ልጅ ለብቻው የሚያሳድግ ሰው ታገኛለች። ማረፊያው በዕዳ ሊዘጋ ነው፣ ወይም አንድ ባለሀብት ሊያፈርሰው መጥቷል፤ የከተማዋ ሕዝብ በገና ዋዜማ ድግስ ደግሶ ያድነዋል። ሊሳሳሙ ሲሉ ሰው ይገባል፤ ኋላም በአንድ ያልተጣራ ወሬ ይቀያየማሉ፤ በመጨረሻ በረዶ እየዘነበ ይሳሳማሉ። በሁለት ሰዓት የአየር ጊዜ ውስጥ ፊልሙ ራሱ የሚወስደው 84 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው የማስታወቂያ ነው። ስለዚህም ታሪኩ በዘጠኝ ክፍል ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ክፍል ተመልካቹን ከማስታወቂያው ማዶ በሚያቆይ ጥያቄ እንዲያልቅ ተደርጎ ይጻፋል።

የዚህ ዓይነት ፊልም ዋና ቤት የሆነው የሆልማርክ ቻናል የመልካም ምኞት ካርድ ከሚያሳትም ኩባንያ የተወለደ ነው። መሥራቹ ጆይስ ሆል እ.ኤ.አ. በ1910 የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ፖስት ካርድ ይዞ ካንሳስ ሲቲ ገባ። ቻናሉ በዚህ ስም ሥርጭት የጀመረው በ2001 ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ ለገና የራሱ የሆነ የፊልም ወቅት መድቦለት፣ በ2019 ከእህት ቻናሉ ጋር በአንድ ወቅት ብቻ 40 አዳዲስ ፊልሞች አሳይቷል። የትውልድ ሐረጉን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመልካም ምኞት ካርድ የሚከፍት ሰው አዲስ ወሬ አይጠብቅም፤ በውስጡ የተጻፈውን ከመክፈቱ በፊት ያውቀዋል። የሚፈልገው ያ የሚያውቀው ቃል ዘንድሮም መምጣቱን ማየት ነው። ፊልሞቹም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነውና፣ መጨረሻው ታወቀ ብሎ መውቀስ ተረት የሚያወራን ሰው ለምን ትናንት ያወራኸውን ደገምከው እንደ ማለት ይሆናል። ልጅ ሆኖ ያንኑ ተረት ድገሙልኝ ብሎ ያልለመነ ከመካከላችን ማን አለ?

ከእማማ ጋር ስቀመጥ ደግሞ ድግግሞሹ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዓይኔ አይቻለሁ። እማማ የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ ነው። የፖሊስ ምርመራ ፊልም ከተከፈተ በአሥረኛው ደቂቃ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋባቸውና ይጨነቃሉ፤ ጭንቀታቸው ወደ ቁጣ፣ ቁጣቸው ወደ ለቅሶ ይለወጣል። የገና ፊልም ሲሆን ግን መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢነቁ እንኳ የት እንደደረሰ ወዲያው ያውቃሉ። ኮፍያ ያደረገውን ጎልማሳ በጣታቸው ያሳዩኝና «አሁን ይጣላሉ፤ አትጨነቅ፣ ይታረቃሉ» ይሉኛል። ቀኑ ምን እንደሆነ፣ ምሳ ይብሉ አይብሉ ለማያስታውሱ ሰው፣ ሊመጣ ያለውን ነገር ለሌላ ሰው መንገር መቻል ትልቅ ክብር ነው። ጸሐፊው ጊዜ ማባከን ያሉት ይህንን ከሆነ፣ ቃሉን እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወደ እውነተኛው ጉድለት የመሩኝም እማማ ራሳቸው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚሁ ከተማ፣ በሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ሥራቸው የኩባያ ጆሮ መለጠፍ ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸው ዛሬም ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። አንድ ቀን ምሽት በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ፍቅረኞች አደባባይ ላይ ቆመው ትኩስ ቸኮሌት ሲጠጡ እማማ ድንገት ቀና ብለው «ኩባያው ባዶ ነው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የራሳቸውን ኩባያ አነሡና፣ ሙሉ ኩባያ ሲያዝ የእጅ አንጓ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ባዶው ግን እንዴት ከእጅ ጋር እንደሚበር አሳዩኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የከተማዋን ዋና መንገድ፣ በአበባ ያጌጡትን ሱቆች፣ በመብራት የተንቆጠቆጡትን ቤቶች እያዩ «እነዚህ ሰዎች ሥራቸው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ባየሁት ፊልም ሁሉ ያንን መልስ ስፈልግ ቆይቻለሁ፤ አላገኘሁትም። ዳቦ ቤት አለ፣ የስጦታ ዕቃ መሸጫ አለ፣ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ የከተማዋ ሰው ዳቦውንና ስጦታውን የሚገዛበትን ገንዘብ የሚያገኝበት ቦታ ግን የለም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1979 ሲሆን፣ ያኔ 19 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር፤ በ2010 ወደ 11 ሚሊዮን ተኩል ወርዷል። የደረሰው ጉዳት በሁሉም ቦታ እኩል አልነበረም። በትልቅ ከተማ አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ሌላ ሥራ ይፈለጋል፤ አንድ ፋብሪካ ብቻ በነበራት ትንሽ ከተማ ግን ፋብሪካው ሲዘጋ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎም ሐኪም ቤቱ ይከተላል፣ ወጣቱም ይሄዳል። ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ያለው የአሜሪካ ክፍል የሕዝብ ቁጥር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጠቃላይ ቀንሷል። የፊልሞቹ ጀግና ሴት ትንሽዋን ከተማ ትታ የሄደችው ልቧ በምኞት ስለተወሰደ ነው ተብሎ ይነገረናል፤ እንደ ጥፋትም ይቆጠርባታል። የእማማ ሁለት ልጆች ከዚህ ከተማ የሄዱት ግን በምኞት አልነበረም።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ፊልሞቹ የሚቀረጹበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ተብለው ቢታዩም የሚሠሩት በካናዳ ነው፤ የግብር ቅናሹ፣ የምንዛሪው ልዩነትና የሠለጠኑት ባለሙያዎች ወጪውን ያቃልላሉ። ቀረጻው ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜም በበጋ ስለሚከናወን ተዋንያኑ በሙቀት ካፖርትና ሻርፕ ለብሰው በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ይራመዳሉ። በብዛት ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ከኦታዋ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አልሞንት ናት። የቅርጫት ኳስን የፈለሰፈው ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1861 የተወለደው በዚህችው ከተማ አቅራቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አልሞንትን ያቆማት በወንዙ ኃይል ይሽከረከሩ የነበሩት የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ናቸው። ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘግተዋል። የትልቁ ፋብሪካ ተጨማሪ ሕንፃ ዛሬ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ነው፤ ከተማዋ የምትገኝበት ማዘጋጃ ቤትም እስካሁን የሚጠራው «የሚሲሲፒ ፋብሪካዎች» በሚል ስም ነው፤ ይኸውም በዚያው በካናዳ ያለው የሚሲሲፒ ወንዝ ነው። እንግዲህ እማማ የጠየቁት ፋብሪካ ካሜራው ከቆመበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበር ማለት ነው። የከተማዋን የድንጋይ ሕንፃዎች ውበት ፊልሙ ወስዶታል፤ ሕንፃዎቹን የሠራውን ድካም ግን ከክፈፉ ውጭ ትቶታል።

ሌሎች ትችቶችም እንዳሉ አልክድም። ለረጅም ዓመታት መሪ ተዋንያኑ ከሞላ ጎደል ነጮች ብቻ ነበሩ፤ ይህ በቅርብ ዓመታት ተሻሽሏል። ሥራዋን ትታ በትንሽዋ ከተማ የምትቀረው ለምን ሁልጊዜ ሴቲቱ ናት የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኔ ግን የምመለሰው ወደ ሥራው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሞቹ ስለ ትንሽ ከተማ ሰው የሚሉት መልካም ነገር ውሸት አይደለም። ሰዎቹ በእርግጥ ይተጋገዛሉ። ባለፈው ዓመት በምኖርበት ከተማ አንድ አባወራ የካንሰር ሕክምና ዕዳ ሲወድቅበት፣ ጎረቤቶቹ በእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ የስፓጌቲ እራት አዘጋጅተው ነበር። እኔም ሳህን ሳድል አመሸሁ። ቲኬቱ አሥር ዶላር ነበር፤ ሃያ ሰጥተው መልስ የማይቀበሉ ነበሩ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ገንዘቡን በብስኩት ቆርቆሮ እየሰበሰበች በእርሳስ ትጽፍ ነበር። የተገኘው ገንዘብ ከዕዳው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነበር፤ ሁሉም ይህን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አጥቦና ጠርጎ የሄደ ሰው ብዙ ነው። በፊልሙ ውስጥ የአንድ ምሽት ድግስ ማረፊያውን ከነዕዳው ሲያድን ሳይ፣ የእነዚህ ሰዎች ደግነት ያነሰ ሆኖ የቀረበ ይመስለኛል፤ በቂ እንዳልሆነ እያወቁ መስጠት ይበልጥ ከባድ ነውና።

የጋዜጣው የባህል ዓምድ ስለ እነዚህ ፊልሞች ወደፊት ሲጽፍ ይህንን እንዲመለከት አደራ እላለሁ። ፍቅሩ ይቆይ፣ በረዶውም ይቆይ፣ መጨረሻውም የታወቀ ይሁን። ከተማዋ ግን ያለፈ ታሪክ ይኑራት፤ ከዋና መንገዱ ጀርባ የተዘጋው ፋብሪካ ይታይ፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ቀድሞ በዚያ ይሠራ እንደነበር ይናገር። ይህ ደስታውን የሚያደበዝዝ አይመስለኝም።

ይህን ሐሳብ ለእማማ ነግሬአቸው ነበር። ማስታወቂያ ሲጀምር ድምፁን እንድቀንስ ጠየቁኝና ስለ መጨረሻው ቀን አጫወቱኝ። የምድጃው እሳት የጠፋው በዲሴምበር ወር ነበር፤ ያ ምድጃ ሌሊትም በዓልም ሳይል ስለሚነድ፣ ሠራተኛው ሁሉ ግድግዳው ሲቀዘቅዝ በእጁ ለመዳሰስ ተሰልፎ እንደነበር ነገሩኝ። ከሰልፉ ከፊታቸው የቆመው ሰው ጓንቱን አውልቆ ሰጣቸው፤ ግድግዳው ገና ትኩስ ነበርና። ያ ሰው በሁለተኛው ዓመት ባላቸው ሆነ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ድምፁን መልሼ ጨመርኩላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኦሃዮ