መስኮቱን ከማስፈረስዎ በፊት

ይድረስ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ላላት ትንሽ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ፣

ከተማዎ የትም ትሁን፣ አንድ ያረጀ ቤተ መጻሕፍት ካላት ደብዳቤው የእርስዎ ነው። «እድሳት» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ ሲመጣ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህንን ያንብቡልኝ።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወቀሰው መስኮቱ ነው። «ላይ ተሰቅሏል፣ ውጭ አያሳይም፤ አፍርሰን ሙሉ መስታወት እናድርገው» ይባላል። መስኮቱ ግን ዝም ብሎ አይደለም እዚያ የወጣው።

እስቲ ገብተው አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ። ከመስኮቱ በታች ግድግዳው ዙሪያውን መደርደሪያ ነው፤ አንድ ክንድ ቦታ አልባከነም። ብርሃኑ ከራስዎ በላይ ገብቶ ክፍሉ መሃል ድረስ ይዘልቃል። መንገደኛው ዓይንዎን አይስብም። ሙሉ መስታወት ሲሆን ግን ፀሐዩ የመጽሐፉን ጀርባ ያነጣዋል። ከዚያ መጋረጃ ይገዛል። ከዚያ በቀን መብራት ይበራል!

ነገሩ ታሪክ አለው። ባለጸጋው አንድሪው ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1883 በትውልድ ከተማው፣ በስኮትላንዷ ደንፈርምሊን ጀምሮ 2,509 ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል፤ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ናቸው። ታዲያ አንዳንዶቹ ከተሞች ገንዘቡን ሲያገኙ ጉልላትና አምድ ላይ ረጩት። (ሰው አይደል፣ ያምረዋል።) በዚህ የተማረረው የካርኔጊ የግል ጸሐፊ ጄምስ በርትራም በ1911 ለአሠሪዎቹ አጭር መመሪያ አወጣ። አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከሥሩ የስብሰባ አዳራሽ፣ የጎንና የኋላ መስኮቶች ከወለሉ 2 ሜትር ግድም ከፍ ብለው። ሠራተኛዋ ከአንድ ጠረጴዛ ሆና ሁሉንም ታያለች። የእርስዎ ሕንፃ የካርኔጊ ላይሆን ይችላል፤ ብልሃቱ ግን ያው ነው።

በነገራችን ላይ ካርኔጊ ገንዘብ የሚሰጠው ለሕንፃው ብቻ ነበር። ቦታውን ከተማዋ ታቀርባለች፤ በየዓመቱም ከስጦታው 10 በመቶ የሚያህል ለሥራ ማስኬጃ ትመድባለች። ይቺን ለበጀት ክፍልዎ ይንገሩልኝ።

ደረጃው ላይ አልከራከርዎትም። ግርማ ይኖረዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ አንባቢ ግን ሥሩ ቆሞ ይቀራል። መወጣጫ ይሠራለት። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚፈልግ በጎን በኩል ይዙር፤ የፊቱን ደረጃ ማፍረስ አያስፈልግም።

አንድ ልመና ብቻ። ያንን የእድሳት ወረቀት ቢሮ ውስጥ አይፈርሙት። አንድ ከሰዓት ይዘውት ይሂዱና ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያንብቡት። መብራት አያስፈልግዎትም።